አትነጋገሩ የተባሉት

ሟቹ የውሃ ቆጣሪው ጉድጓድ አፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነው የተገኘው። ለፍርድ ቤት ብቻ የሚለብሳትን ግራጫ ኮት ለብሷል፤ በቀኝ እጁ የቧንቧ መፍቻ ጨብጧል። ማጅራቱን የመታው ጡብ እዚያው አጠገቡ ወድቋል። ያገኘው አብሮት የሚኖረው የወንድሙ ልጅ ነበር፣ ማለዳ ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሳጅኑ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት። የጣቢያው ሰዎች በሌለችበት «ቁንጫ» ይሏታል፤ አንድ ቦታ መርጋት አታውቅማ። ስሙን ሰምታዋለች፣ እውነቱን ለመናገር አትጠላውም። አሁንም ሳጅኑ ሲያወራ እሷ ጉድጓዱን ሁለት ጊዜ ዞራዋለች።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅኑ። «ሟቹ የቤቱ ባለቤት ነው። ጓሮ የምትኖረው ተከራይ ልብስ ሰፊ ናት። ኪራይ አልከፈለችም ብሎ ጠበቃ ቀጥሮ ከሰሳት፤ ቤት ታስረክብ አታስረክብ የሚለው ዛሬ ከሰዓት ይወሰናል። ክሱ አልበቃ ብሎት ከሦስት ሳምንት በፊት ውሃዋን ዘጋባት። ትናንት አመሻሽ ልትከፍት መጣች፣ ያዛት፣ መታችው። የቤቷ ወለል እርጥብ ነው። ደም አጥባለች ማለት ነው። አለቃችን እስከ እኩለ ቀን አስራችሁ አምጧት ብለዋል።»

«ልትከፍት የመጣችው እሷ ከሆነች መፍቻውን እሱ ለምን ያዘው?»

«ቀምቷት ይሆናላ።»

«ቀምቷት ሲያበቃ ጀርባውን ሰጥቷት ተንበረከከ?»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ቫልቩን አየች፤ ተከፍቷል። ከዚያ የሟቹን ኮት አየች። የላይኛውና የታችኛው ቁልፍ ክሩ ላልቶ ተንጠልጥሏል። መሐለኛው ግን አንገቱ በአዲስ ክር ተጠምጥሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እንዲህ ያለውን ቁልፍ ሚስት የሞተችበት ሽማግሌ አይተክልም፤ የእጅ ሥራ የምታውቅ ሴት ናት የተከለችው።

«የጉድጓዱን ክዳን ግጠምልኝ» አለችው። «ውሃው መከፈቱን ደግሞ ትንፍሽ እንዳትል።»

ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፈተችላት። ክፍሏ አንድ ናት፤ ማሽኑ መስኮቱ ሥር፣ አልጋው ከመጋረጃ ጀርባ። ጥግ ላይ የእቃ ማጠቢያ ቧንቧ አለ፤ ሁለተኛው ቧንቧዋ ውጭ፣ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ነው። ያላት ጀሪካን ሁሉ ሞልቷል፤ ወንበሮቹ ላይ እርጥብ ሱፍ ተሰጥቷል።

«ይቀመጡ።»

«መቀመጥ አይሆንልኝም። ወለሉ ምን ሆኖ ነው?»

«ውሃ መጥቶ ነዋ! ቧንቧውን ከፍቼ ትቼው ነበር፣ ድንገት ከመጣ ልስማው ብዬ። ትናንት አመሻሽ ክር ልገዛ ወጣ ብዬ ጨልሞ ስመለስ ቤቱ ኩሬ ሆኖ ጠበቀኝ። የሰው ሱፍ ነው ይሄ፣ መሬት ላይ ዘርግቼ እየቆረጥኩት የነበረ። ይኸው ቀለሙን ለቀቀ። በምን እከፍለዋለሁ?»

ኢንስፔክተሯ ሱፉን ዳሰሰችው። ውሃ ልትከፍት የምትሄድ ሴት አስቀድማ የራሷን ቧንቧ ትዘጋለች፤ ቢያንስ የሰው ጨርቅ ከመሬት ታነሳለች።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተነጋግራችኋል?»

«እኛ? የእግዜር ሰላምታ እንኳ ከተውን ስንት ጊዜያችን!»

«እንግዲያው የኮቱን ቁልፍ ማን ተከለለት?»

ሴትየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። እንባዋ ቀደማት።

«የሳቸው ጠበቃ ነው ዝም በይ ያለኝ። ‹ከሱ ጋር አንድ ቃል ብትለዋወጪ ነገርሽ ይበላሻል፣ ያለሽን ሁሉ በኔ በኩል› ብሎኛል። ለሳቸውም እንደዚያው ነው ያላቸው። አንድ ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ ፊታችንን እናዞራለን፣ እንደ ጣውንት።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት በሬ ላይ ቆሙ። ቁልፏን በጣታቸው ይዘዋል። ‹ነገ ፍርድ ቤት ነው፣ ይቺ ወለቀችብኝ› አሉኝ። እኔን ለማስወጣት የሚለብሱትን ኮት እኔው ልስፋላቸው!» ከለቅሶዋ መሐል ሳቅ አመለጣት። «ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው። ሳያወልቁት ተከልኩላቸው። እንደዚያ ቀርቤያቸው ዝም ማለት አቃተኝ። ‹ጋሼ፣ ከፍዬም ያስወጡኛል?› አልኳቸው። ‹ለማን ነው የከፈልሽው?› አሉኝ። ‹ለጠበቃዎ ነዋ፣ ሦስቴ፣ በእጁ!› ስላቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ወዲያው ወጡ።»

«ደረሰኝ ሰጥቶሻል?»

«ከረባት ያሰረ ሰው ነው እኮ፣ ደረሰኝ አምጣ ማለት አፈርኩ። የዛሬውንም ቀጠሮ ‹ለይምሰል ነው፣ አትምጪ› ብሎኛል።»

ኢንስፔክተሯ መስኮቱ ጋ ሄዳ ተመለሰች። ሴትየዋ ባትቀርብ በሌለችበት ይፈረድባታል፤ የከፈለችውም እንደወጣ ይቀራል።

«እኔ እስሩንም አይደለም የምፈራው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ማሽኔን ይዤ ሜዳ ላይ ብወድቅ ማን ፈልጎ ያገኘኛል? ደንበኛ ቤቱን ነው የሚያውቀው።»

«ውሃው መምጣቱን ለማንም አትንገሪ። ከሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርቢያለሽ።»

የወንድም ልጅ የፊት ለፊቱ ቤት ሳሎን ውስጥ ጥፍሩን እየበላ ነበር።

«ማታ ስገባ መብራቱ ጠፍቷል» አለ። «ቀጠሮ ሲኖረው በጊዜ ነው የሚተኛው፤ ተኝቷል ብዬ ገባሁ። ውጭ ወድቆ ሳለ እኔ እራቴን በላሁ!» ድምፁ ተሰበረ። «ቤቱን የምወርሰው እኔ ነኝ። ልትጠይቂኝ ያሰብሽው ይሄንን ከሆነ፣ አዎ።»

«እሱን ልጠይቅህ አላሰብኩም። ከጠበቃው ጋር እንዴት ነበሩ?»

«አጎቴ? ጠበቃው ያላለውን አያደርግም። ውሃውን ብቻ ነው በእልህ የዘጋው፣ እሱ አትዝጋ እያለው።»

የጠበቃው ቢሮ ከፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጠበቃው ስልኩን ይገለብጣል፣ ያስቀምጣል፣ መልሶ ያነሳል። ሁለቱም ቆመው ነው የተነጋገሩት።

«አመሻሹ ላይ ግቢያቸው ሄደው ነበር?»

«እኔ? ግቢያቸውን ከረገጥኩ ከወር በላይ ሆነኝ። ጉዳያችን በስልክ ነው።»

«ስለ ውሃው ያውቃሉ?»

«እንዴት አላውቅም! የሴትየዋ ቧንቧ ከደረቀ ሦስት ሳምንቱ። ዳኛ ፊት ታስገምተኛለህ ብዬ ለመንኩት፤ እልኸኛ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ከተከራይዋስ ጋር ትገናኛላችሁ?»

«የባላጋራ ወገን ናት፤ ምን ያገናኘናል?»

«ጥሩ። ግቢው ድረስ ይምጡልኝና አሻራ እንወስዳለን። ጡቡ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል።»

ጠበቃው ፈገግ አለ፣ ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። አስከሬኑ ተነስቷል፣ ጉድጓዱ ተከድኗል። ሳጅኑ የሦስቱንም አሥር አሥር ጣት ቀለም ውስጥ እየነከረ ወረቀት ላይ ተጫነ። ሲጨርስ ሁሉም እጃቸውን ከልብሳቸው አርቀው ቆሙ።

«ታጠቡና እንነጋገራለን» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ለአንድ አፍታ ቀጥ ብላ ቆመች። ሳጅኑ እንደዚያ ቆማ አይቷት ስለማያውቅ ደነገጠ።

የወንድም ልጅ ወደ ፊት ለፊቱ ቤት ቧንቧ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ በጀሪካኗ ልትታጠብ ቤቷ ገባች። ጠበቃው ግን የፊት ለፊቱን ቤት አልፎ፣ ከልብስ ሰፊዋ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሁለተኛ ቧንቧዋ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ልብሱ እንዳይቆሽሽ በክርኑ ገፋው። ውሃው ፈሰሰ። እሱም መታጠብ ጀመረ።

«ያ ቧንቧ ደርቋል ብለውኝ አልነበር?» አለች ከጀርባው።

እጁ ቀጥ አለ። ውሃው ብቻ ይፈሳል።

«ቧንቧ አየሁ፣ ከፈትኩ። ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን የዚህ ቤት ልጅ ራሱ ደርቋል ብሎ ያልሞከረውን እርስዎ ሞከሩት። ከወር በላይ ያልመጡበት ግቢ፣ ሦስት ሳምንት የደረቀ ቧንቧ። ውሃው መመለሱን የምናውቀው እኔ፣ ሳጅኑና ልብስ ሰፊዋ ነን። አራተኛው ትናንት ሲከፈት አጠገቡ የነበረ ሰው ነው።»

«ማስረጃ አይሆንም ይሄ።»

«ብቻውን አይሆንም፣ እውነትዎን ነው።» መራመድ ጀመረች። «ሳጅናችን ውሃውን የከፈተችው እሷ ናት አለ። እሷ ብትሆን ኖሮ ሄዳ ከመክፈቷ በፊት የቤቷን ቧንቧ ትዘጋ ነበር፤ የደንበኛ ሱፍ አታጠፋም። የከፈተው መፍቻውን የያዘው ሟቹ ራሱ ነው። እልኸኛ ሰው በገዛ እጁ የዘጋውን በቀጠሮው ዋዜማ ለምን ይከፍታል? ስላፈረ ነው። መክፈሏን በዚያው ቀን ሰማ። ከሷው አፍ፣ ቁልፍ ስታስተካክልለት።»

የወንድም ልጅ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። «ከፍለሻል?»

«ለሱ» አለች በአገጯ እያመለከተች።

«ባላጋራ ናት፣ ምን ያገናኘናል ብለውኝ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «እነዚህ ሁለቱ እስካልተነጋገሩ ድረስ እርስዎ ከሁለቱም ወገን ይበላሉ። ከሱ የጥብቅና፣ ከሷ ኪራዩን። ሟቹ ደወለልዎት፣ እየከነፉ መጡ። ውሃውን ከፈተ፣ ፍርድ ቤት እነግርብሃለሁ አለዎት፣ ዞሮ ቫልቩን በመፍቻው ሊያጠብቅ ጎንበስ አለ። ከዚያ የጡቡን ብናኝና ደሙን እዚሁ ታጠቡ፤ እጅ ደግሞ የለመደበት ይሄዳል። ስልክዎ ትናንት አመሻሽ የት እንደነበረ ማጣራት ቀላል ነው።»

«ጡቡ ላይ አሻራ የለም!» ጮኸ ጠበቃው። «ጡብ አሻራ አይዝም!»

«እንደማይዝ እኔም አውቃለሁ። የፈለግሁት እጃችሁ እንዲቆሽሽልኝ ነበር።»

ጠበቃው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ልመልሰው ነበር» አለ። «አንድ ጉዳይ ቢሳካልኝ እመልሰው ነበር። ‹ልጄ› ይለኝ ነበር እኮ...» ሳጅኑ ክንዱን ይዞ አነሳው። የወንድም ልጅ በንዴት ሊተፋበት ተጠግቶ ተወው።

ግቢው ባዶ ሲሆን ልብስ ሰፊዋና ወጣቱ ፊት ለፊት ቀሩ። ቤቱ አሁን የሱ ነው፤ ቀጠሮውም አልተሰረዘም።

«ኢንስፔክተር» አለ ወጣቱ፣ «ጥሩ ጠበቃ ያውቃሉ? ገንዘቡን ከዚህ ሰውዬ የሚያስመልስልን፣ የዛሬውንም ክስ የሚያነሳልን።»

«በስንቱ ልንዘረፍ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንተ አፍ አለህ፣ እኔ አፍ አለኝ። ዳኛው ፊት ቆመን ያለውን እንናገር። ከፍላለች በል፣ እኔም የከፈልኩትን እናገራለሁ። ለማስመለሱ ያኔ አብረን እንቀጥራለን፤ ደረሰኝ የሚሰጥ።»

ወጣቱ መሬት መሬቱን አየ። «እሺ፣ እትዬ። ግን ያቺ ጣራሽ ታፈሳለች ብለሽ ያመለከትሽው ነገር ውሸት ነው፤ እኔ ራሴ ወጥቼ አይቻታለሁ።»

«ውሸት? ዝናብ ሲመጣ አልጋዬ ላይ ተኝተህ እየው!»

«ቆርቆሮው ደህና ነው!»

«ደህና ይላል እንዴ፣ ዓይንህ ነው ደህና ያልሆነው!»

ኢንስፔክተሯ ከኋላቸው ወጣች። ሁለቱ መንገዱን ይዘው ወደ ፍርድ ቤቱ እየገሰገሱ ነው፤ እሱ እጁን ያወናጭፋል፣ እሷ ድምጿ ሰፈሩን ያናውጣል፣ አላፊ አግዳሚው ዞሮ ያያቸዋል። ሳጅኑ ላስታርቃቸው ብሎ ሊከተላቸው ሲል ክንዱን ያዘችው።

«ተዋቸው» አለችው። «ይጨቃጨቁ።»