ፍሬዘር ታማለች

ዳልጮ በሶዶ ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲው ወረድ ብሎ ያለ የአንድ የኪራይ ግቢ ጠባቂ ነው። በወላይትኛ ጨዋታ ሲጀምር ሰው ሥራውን ትቶ ይሰማዋል። አማርኛ ሲናገር ግን ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል። ይህን ሊያርምለት የሚሞክር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም አቶ ሶርሳ፣ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረው የሚያመልኩ። እሑድ እሑድ በር ላይ ያቆሙትና «"መጣች" አይደለም ዳልጮ፣ "መጣ" በል» ይሉታል። እሱም «እሺ ጋሼ» ይልና እንደ ልማዱ ይቀጥላል።

አንድ የኅዳር ማለዳ ዳልጮ ወደ ጤና ቢሮው ደወለና፣ «ፍሬዘር ታማለች፣ ቶሎ ሰው ላኩ» አለ።

ስልኩን ያነሳችው ሊድያ ነበረች፣ የአቶ ሶርሳ ልጅ። ሥራዋ የክትባት ማቀዝቀዣዎችን መቆጣጠርና መጠገን ነው፤ የገጠር ጤና ጣቢያ ፍሪጅ ማቃሰት ሲጀምር የምትጠራው እሷ ናት። ስለዚህ «ፍሬዘር» ሲባል «ፍሪዘር» ብላ ሰማች። «ታማለች» መባሉም አላስገረማትም፤ ነርሶቹ ስለ ማሽን እንዲያ እያሉ ይቀልዳሉ። አድራሻውን ጠይቃ የመፍቻ ሳጥኗን ይዛ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

ዳልጮ እየመራ አንድ ክፍል አስገባት። አልጋው ላይ አንድ ረጅም ወጣት ብርድ ልብስ ደራርቦ ይንቀጠቀጣል።

«ፍሪዘሯ የታለች?» አለች ሊድያ።

«ይቺውና» አለ ዳልጮ፣ ወጣቱን እያሳየ።

ወጣቱ አንገቱን ከብርድ ልብሱ አወጣ። «ፍሬዘር እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ዓይኑ የመፍቻ ሳጥኑ ላይ አረፈ። «በዚህ ነው የምታክሚኝ?»

ሊድያ በታመመ ሰው ፊት መሳቅ ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ሳቀች። ቀጥላ ግንባሩን ዳሰሰችና ሳቋን አቆመች። ከዳልጮ ጋር ደግፈው ወደ ኦቶና፣ ወደ ሆስፒታሉ ወሰዱት። ወባ ነበር።

ከክፍሉ ሲወጡ ግን ጥግ ላይ የቆመ አሮጌ ፍሪጅ ቀጭ ብሎ ሲነሳ፣ ወዲያው ቀጭ ብሎ ሲጠፋ ሰምታ ነበር። ጤነኛ ፍሪጅ እንዲህ አያደርግም። ፍሬዘር ድኖ ሲመለስ ያንን ፍሪጅ ልታይ ተመልሳ ሄደች፤ ቢያንስ ለራሷ የነገረችው እንደዚያ ነው።

ፍሪጁ ውስጥ ምግብ የለም። አንድ ትልቅ ጀሪካን ተቀምጧል፤ ከበሩ ስንጥቅ የገባ ቀጭን ሽቦም አየር ላይ ተንጠልጥሏል። የሽቦው ሌላኛው ጫፍ ውጭ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ የሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር ተያይዟል።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ጠጅ።»

ሊድያ ወደ በሩ ዞር አለች፤ ሰው የሰማ መስሏት። እሷ ባደገችበት ቤት ጠጅ የሚለው ቃል ራሱ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚነገረው።

ፍሬዘር አላፈረም። እናቱ ወይዘሮ ዓመለወርቅ ቢሾፍቱ ለየሠርጉ ጠጅ ይጥላሉ፤ እሱንም ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተማሩት በዚያ ነው። እሱ ራሱ ተማሪ ሳለ ጌታን ካገኘ ወዲህ አይጠጣም፤ ለመቅመስ ያህል ምላሱን ያስነካል እንጂ። ችግሩ የእናቱ ጠጅ ወራት ይመርጣል፦ በበጋ ሙቀት ፈጥኖ ይሆመጥጥባቸዋል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ አልፈላ ይላል። ፍሬዘር ስታቲስቲክስ አስተማሪ ነውና ጠጁ የሚወደውን ሙቀት ፈልጎ ሊያገኝላቸው ነው። መቆጣጠሪያው ፍሪጁን እያስነሳ እያጠፋ ሃያ ዲግሪ ላይ ሊያቆምለት ይገባ ነበር፤ ጠጁ ግን ጎምዝዞበታል።

ሊድያ ሽቦውን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«አንተ የምትለካው አየሩን ነው» አለች። «አየር በሩ በተከፈተ ቁጥር ይቀያየራል። ሲፈላ ደግሞ ጠጁ ራሱ ሙቀት ያወጣል። ጠጁን ለካ።»

የሽቦውን ጫፍ ጀሪካኑ ጎን ላይ ለጠፈችው፤ አየር እንዳያገኘው በስፖንጅ ሸፈነችና በፕላስተር ጠቀለለችው። ቁጥሩ ወደ ላይ ወጣ፤ ጠጁ እሱ ካሰበው በላይ ሞቆ ኖሯል። ፍሪጁ ተነሳ፣ ረጅም ሠራ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሁለቱም አጎንብሰው ቁጥሩ ሲወርድ ይጠብቁ ነበርና ጭንቅላታቸው ተነካካ። አንዳቸውም ወደ ኋላ አላሉም። ቁጥሩ ሃያ ላይ ከቆመ በኋላም ቆይተው ነው ቀና ያሉት።

ከዚያ ወዲህ ያ ፍሪጅ የሚታይ ነገር አላጣም። ሊድያ ከሥራ ስትመለስ ጎራ ትላለች። ዳልጮ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፤ ጨዋነቷ እንዲጠበቅ የራሱ ዘዴ ነው። አዲሱ ጠጅ ሲጠራ ፍሬዘር በብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስቶ አሳያት።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል» አለ። «እናቴ ታዲያ "ጠጅም" ብላ ትጨምርበታለች።»

ሊድያ ግን ያየችው ብርጭቆውን አልነበረም። እናቱን ሲያነሳ ፊቱ የሚሆነውን ነው። ወደደችው፤ አብዝታ ወደደችው።

ሶዶ ወሬ የሚያድርባት ከተማ አይደለችም። አንድ ቀን እራት ላይ አቶ ሶርሳ ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ «ያ መምህር ፍሪጁ ውስጥ ምንድን ነው የሚያስቀምጠው?» አሉ።

«ብርዝ» አለች ሊድያ።

ከአፏ አምልጧት ነው። ብርዝም ማርና ውኃ ነው፤ ሳይፈላ የሚጠጣ፣ ማንም የማይነቅፈው። እናቱስ ምን ይሠራሉ ሲሏት ደግሞ «ብርዝ ይሸጣሉ» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አቶ ሶርሳ ብርዝ ነፍሳቸው ነውና ፊታቸው በራ፤ ልጁ ቁም ነገር ካሰበ ሽማግሌ ይላክ፣ ራሱም ይምጣ፣ ያንን ብርዙንም ይዞልኝ ይምጣ አሉ።

ለፍሬዘር ሄዳ ነገረችው።

«እናቴን ብርዝ ነጋዴ አደረግሻት» አለ።

«አባዬ እውነቱን ቢያውቁ በሩን አይከፍቱልህም።»

«ብርዙን እሠራለሁ፤ እሱ ኃጢአት የለበትም። ስለ እናቴ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም ሊድያ። አንቺን ባጣሽም።»

ሊድያም ያን ቀን እያለቀሰች ሄደች፤ ግማሹ ንዴት ነው፣ ግማሹ ደግሞ ልክ መሆኑን ስለምታውቅ።

ከወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ከጊፋታ በዓል በኋላ ቀን ተቆረጠ። ብርዙ አስቀድሞ ተበጠበጠ፤ ሌላ ትርፍ ዕቃ ስላልነበረ ጠጅ የነበረበት አንድ አነስተኛ ጀሪካን በደንብ ታጥቦ ተሞላ። እርሾ ግን በውኃ ብቻ ተጠራርጎ አይወጣም። ሊድያ መቆጣጠሪያውን ከሃያ ወደ አራት አወረደችው፤ በአራት እርሾ ይተኛል፣ ብርዝም ብርዝ ሆኖ ይቆያል። ፍሬዘር ለፈተና ሥራ ወደ ቦምቤ ሄደ፣ እሷ ለክትባት ወደ ቆላው፣ ወደ ተበላ ከተማ ወረደች።

የተበላ ሙቀት ፀጥታ ነሳት። ሶዶም እንዲህ ሞቆ ቢሆንስ ብላ ለዳልጮ ደወለች። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ጋሽ ዳልጮ፣ የፍሪጁን ሙቀት ትንሽ ዝቅ...»

መስመሩ ተቋረጠ። ዳልጮ የሰማው «ፍሪጁን ዝቅ» የሚለውን ነው። ገብቶ ፍሪጁን አየው። ውስጡ ክብ ማዞሪያ አለ፤ ቁጥሩ ሰባት ላይ ቆሟል። ዝቅ ከተባለ ዝቅ ነው፤ ለእነዚህ ሁለት ልጆች ደግሞ የማያደርገው የለም። በፍቅር እስከ ዜሮ ድረስ አዞረው።

ዜሮ ማለት ደግሞ ማጥፊያው ነው።

ፍሬዘር የተመለሰው በቀጠሮው ዕለት ማለዳ ነው። ግቢው መብራት ጠፍቶ ስለነበር የፍሪጁ ዝምታ አላስደነቀውም። እንዳይሞቅ በማሰብ ጀሪካኑን በወፍራም ፎጣ ጠቅልሎ፣ ሽማግሌ ሊሆንለት ከመጣው ከባልደረባው ከተክለጻድቅ ጋር ባጃጅ ያዘ።

አቶ ሶርሳ ቤት ሁሉም ተቀመጠ። ጸሎት ተደረገ፤ ተክለጻድቅ የሽማግሌ ወጉን አሳምሮ ተናገረ። አቶ ሶርሳ ደስ ብሏቸው ለመጣበት ጉዳይ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጉሮሯቸውን ማርጠብ ፈለጉ። «እስቲ ያ ብርዝ» አሉ።

ፍሬዘር ፎጣውን ፈታ። የጀሪካኑ ሆድ ተነፍቷል። ክዳኑን ገና ላላ ሲያደርገው «ጭስስስ» አለ፤ ነጭ አረፋ አንገቱን ተከትሎ ወጣ። ብርጭቆ የምታድለው ሊድያ ባለችበት ቆመች።

ተክለጻድቅ ፈጠን ብሎ፣ ባጃጁ ሲያንገጫግጨው ጊዜ ነው፣ ማር እንዲህ ያደርጋል አለ። መልካም መውጫ ነበር። አቶ ሶርሳም አምነው ብርጭቆአቸውን ዘረጉ። ሊድያ ፍሬዘርን አየችው፤ እሱም አያት። ዝም በል ብላ በዓይኗ ልትለምነው ትችል ነበር። አልለመነችውም።

ፍሬዘር የብርጭቆውን አፍ በመዳፉ ከደነ።

«አይጠጡት አባቴ» አለ። «ብርዝ ብለን አስቀምጠነው ፈልቷል። ወደ ጠጅ ሄዷል።»

ክዳኑንም መልሶ ገጠመው።

«እናቴም ብርዝ አትሸጥም። ጠጅ ጣይ ናት። ያሳደገችኝ በእሱ ነው። እኔ አልጠጣም፤ በእሷ ግን አላፍርም።»

«አባዬ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለች ሊድያ። «እሱ አልዋሸም። እኔ ፈርቼ ነው፤ እርስዎን ፈርቼ፣ የሰው አፍ ፈርቼ።» እሷም ዋናውን ትታ አየሩን ስትለካ መክረሟ ያን ጊዜ ነው የገባት።

አቶ ሶርሳ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መለሱ። እያንዳንዱን ሰው በየተራ አዩ፤ ልጃቸውን ግን ቆየት ብለው አዩዋት። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም።

«ይህን አልጠጣም» አሉ። «ልጄንም ዛሬ አልሰጥም።»

ተክለጻድቅ ባርኔጣውን አነሳ። ፍሬዘርም ጀሪካኑን ሊጠቀልል ፎጣውን ሳበ።

«አልጨረስኩም» አሉ አቶ ሶርሳ። «ተማሪዎቼ ደብተር ረሳን እያሉ ሲመጡ "ሂድና ይዘህ ና" እል ነበር። አንተም እናትህን ትተህ መጥተሃል። እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገች እናት በሌለችበት የምን ልጅ መስጠት ነው? ሂድና ይዘሃት ና። ብርዙንም ራሷ ትበጥብጠው።»

ፍሬዘር ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ሊድያ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ እዚያም አለቀሰች፤ የአሁኑ ሌላ ለቅሶ ነው።

ወይዘሮ ዓመለወርቅ ከቢሾፍቱ መጡ፤ አቶ ሶርሳም ልጃቸውን ሰጡ። ለሠርጉ አዲስ ጀሪካን ተገዝቶ ብርዙን በገዛ እጃቸው በጠበጡ። ፍሪጁ አራት ላይ ሆነ፣ ማዞሪያው በፕላስተር ታሸገ፤ ዳልጮም ማንም እንዳይነካው ወንበር ስቦ አጠገቡ አደረ። ጠጁ ግን ዘንድሮ ቢሾፍቱ ላይ በበጋውም አልሆመጠጠም፤ ያ ሌላ ወሬ ነው።

በሠርጉ ማለዳ የሙሽሪት ሚዜዎች እንደ ወጉ በሩን ዘግተው «አናስገባም ሰርገኛ» እያሉ ይዘፍናሉ። ሊድያ ነጭ ለብሳ በመስኮት መጋረጃ ሥር ትሰማለች። ዳልጮ ኮት ለብሶ፣ ብርዙን ታቅፎ፣ ከሰርገኛው ሁሉ ፊት ቆሟል።

«ጋሼ ሶርሳ፣ ክፈቱ» አለ። «ፍሬዘር መጥታለች። ድናለች።»

አቶ ሶርሳ ጣታቸውን አነሱ። የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነውና ሰዉ ሁሉ ምን እንደሚሉ ያውቃል። ከሙሽራው ጎን የቆሙትን እናት አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው መስኮቱን አዩ፣ ጣታቸውንም ቀስ ብለው አጠፉት።

«እውነትህን ነው» አሉ መቀርቀሪያውን እየሳቡ። «ድናለች። ትግባ።»