ሁለቱ ፊቶች አንድ ሰው ናቸው?

ሸርተት... ሸርተት... ሸርተት...

መጀመሪያ የሰማሁት ይሄን ነው። ኮሪደሩ ላይ የሚጎተት የነጠላ ጫማ ድምፅ።

ያላመነ አይመን፤ እኔ ግን እዚያው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ነበር። እሁድ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ኪቦርዱ ላይ ተኝታለች።

የሚራመደው ታላቅ ወንድሜ ነው። በልጅነቱ ጠፍቶ፣ አድጎ፣ በቅርቡ በሩን አንኳኩቶ የመጣው ወንድሜ።

እሱ ከመጣ ወዲህ እናቴ ከአልጋዋ ተነስታለች። ትበላለች፣ ትስቃለች። ከአልበም ስካን ያደረግናቸውን ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ላይ እንዳስተካክል ያዘዘችኝም እሷ ናት። "የልጄን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስብልኝ" ብላ።

"አሁንም ኮምፒውተሩ ላይ ተጥደሃል?" አለችኝ ከሳሎን። "ልታገባው ነው እንዴ?"

"አንቺን ይመስላል እማዬ፣ ጥያቄ ያበዛል!"

እውነቴን ነው። ፎቶዎቹን በሰው የሚለየው ፕሮግራም ሁለት ፊት ጎን ለጎን ያስቀምጥና "አንድ ሰው ናቸው?" ይላል። አዎ ወይም አይደለም ማለት ነው ሥራዬ።

ወንድሜን ከመጣ በኋላ ያነሳሁትን ፎቶ ፕሮግራሙ አመጣ። ከጎኑ ደብዘዝ ያለ ፊት... ያው ፂም፣ ያው የጎበጠ አፍንጫ።

አዎ አልኩ።

ቆይቶ ነው ደብዛዛው ፊት ያለበት ፎቶ አሮጌ መሆኑ የታየኝ።

የወንድሜ ልደት ነው። ወንድሜ ትንሽ ልጅ ነው፣ የፊት ጥርሱ ወልቆ ይስቃል።

ከኋላው፣ አጥሩ ጋ... ዛሬ አብሮኝ ቁርስ የበላው ሰው ቆሟል።

ስንት ጊዜ ያየሁት ፎቶ ነው! አላፊ አግዳሚ ይመስለኝ ነበር።

ካሜራውን አያይም። ልጁን ነው የሚያየው።

ሌላ ከፈትኩ። የትምህርት ቤቱ በር ላይም አለ። ትንሽ ቀርቧል።

ወንድሜ ከመጥፋቱ በፊት በተነሳው የመጨረሻ ፎቶ ላይ... የሰውየው እጅ የልጁ ትከሻ ላይ ነው።

ሸርተት... ሸርተት...

ከኋላዬ ቆመ።

ስክሪኑ ላይ አዲስ ጥያቄ መጣ። የልጁ ፊትና የእሱ ፊት። አንድ ሰው ናቸው?

"ወንድሜ የት ነው?" አልኩ። ዞር አላልኩም።

"እናትህ ዛሬ በላች?" አለኝ በሹክሹክታ።

"በላች..."

"ሳቀች?"

"ሳቀች።"

"እንግዲያው አዎ በል።"

እናቴ ሳሎን ውስጥ ታንጎራጉራለች። ልጁ ከነወላቃ ጥርሱ ያየኛል...

አይደለም አልኩ።

አልተቆጣም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ።

"ልጄ፣ ወዴት ነው?" አለችው እናቴ።

በሩ ተከፍቶ ተዘጋ።

ሮጬ ከፈትኩት። መንገዱ ላይ ማንም የለም። ነጠላ ጫማው ደፉ ላይ ተቀምጧል።

ድምፁ ግን ይሄዳል። ሸርተት... ሸርተት...

ከጎኑ ደግሞ ሌላ ኮቴ አለ። ትንሽ። ወደ ኋላ እንዳይቀር ሮጥ ሮጥ የሚል።

እናቴ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ጨበጠችኝ።

"ያ..." አለች፣ "ያ የልጄ ሩጫ ነው።"

ሁለቱም ኮቴዎች መታጠፊያው ጋ ደርሰው ጠፉ።