ሰማያዊ አውራ ጣት

ስልክ አይደል፣ ሞተር ብስክሌት አይደል። ቆዳ ጠፋ ብለው ነው ሳጅን ኦልጅራን ከቁርሱ ያስነሱት።

«የምን ቆዳ? የበሬ?» አለ በስልክ።

«የሰው» አለው የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ኃላፊ ዶክተር ሰራዊት።

ሳጅኑ ፉሉን እንደጀመረው ትቶ ተነሳ።

«ላብ» የሚሏት አሶሳ ዳር፣ ማንጎ ዛፎች መሀል ያለች አንዲት ክፍል ናት። ተማሪዎቹ ከሰው ገላ ከተወሰደች ቅንጣት ቆዳ ሌላ ቆዳ ያሳድጉባታል፤ አንድ ቀን እሳት ለፈጀው ሰው እንዲሆን። ቆዳው ሕይወት ስላለው እንደ ሰው ገላ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ይኖራል። ኢንኩቤተር ይሉታል። ከዚያ ከወጣ ጥቂት ሰዓት ቢቆይ ነው።

የጠፋው የፍሬሕይወት ነበር። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የማስተርስ ጥናቷን ታቀርባለች። ፈታኙ ከአዲስ አበባ መጥቷል፤ ቆዳውን በዓይኑ አይቶ ነገ በጠዋት አውሮፕላን ይመለሳል። ቆዳው ከሌለ የሁለት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ።

ልጅቱ ጥግ ይዛ ቆማለች። አታለቅስም። ይሄ ሳጅኑን ከነከነው።

በሩ አልተሰበረም። የኢንኩቤተሩ የውስጥ መስታወት ላይ ግን አንድ ሰማያዊ የጣት አሻራ አለ።

«ይኼስ ምንድን ነው?»

ዶክተሩ ወደ ግድግዳው ጠቆመው። ነጩ ግድግዳ ሰማያዊ አውራ ጣት በአውራ ጣት ሆኗል፤ ከየሥሩ ስም ተጽፏል። የላቡ ወግ ነው። ተማሪ የመጀመሪያ ሴሉ ሲይዝለት፣ ማለት ማደግ ሲጀምርለት፣ አንዴ ያትማል፤ ጽሑፉ ሲታተምለት እንደገና። ቀለሙ የሞተ ሴል ከሕያው የሚለዩበት ነው፤ ጣት ከነካ ቶሎ አይለቅም። በመጨረሻው ቀን ደግሞ የተማሪው እናት ትጠራና ከልጇ አጠገብ ታትማለች። ድፎ ዳቦውንም የምትቆርሰው እሷ ናት።

«እንግዲያው ጣቱ ሰማያዊ የሆነ ይቅረብ!»

ስለሺ ቀረበ። የፍሬሕይወት የክፍል ጓደኛ ነው።

«ትናንት ነው ያተምኩት። ሴሌ ያዘልኝ።»

«ከእሷ ጋር ተኳርፋችኋል አሉ።»

«በኢንኩቤተሩ መደርደሪያ ነው፣ ሳጅን! ሥራዋን ጥር ላይ ጨርሳ ነበር። ገና ነው፣ ገና ነው እያለች ቦታውን ይዛ ቀረች። እኛ ወረፋ እንጠብቃለን።»

«እና አውጥተህ ጣልክላት?»

«ኧረ በእመቤቴ! እሷ ስትታመም ያንን ቆዳ የሚያሳድገውን ፈሳሽ እየቀየርኩ ያበላሁት እኮ እኔ ነኝ!» የልጁ ዓይን እንባ ሞላ።

ሳጅኑ የስለሺን ጣት ከመስታወቱ አሻራ ጋር አስተያየ። የልጁ ጣት መስመሮቹ ጥርት ያሉ ናቸው። የመስታወቱ አሻራ ግን ሥራ የበላው፣ ልሙጥ ነው፤ መሀሉ ላይ አግድም ጠባሳ አለው። ስለሺን ተወው።

«ጠዋት ማን ከፈተ?»

«እኔ» አለ ነገሪ፣ ላቡን ከተከፈተ ጀምሮ የሚጠብቀው ቴክኒሽያን።

«ማን ገባ?»

«ማንም።»

«ነገሪ!»

«ማንም አልገባም አልኩህ!»

«ታዲያ ያቺ የማን ናት?» ሳጅኑ ግድግዳው ላይ ያለች አንዲት አዲስ አሻራ አሳየው። ልሙጥ ናት፤ መሀሏ ላይ አግድም ጠባሳ። ከሥሯ ስም አልተጻፈም።

ነገሪ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እናቷ ናቸው፣ ወይዘሮ ብዙወርቅ። አንድ ሰዓት ላይ ዳቦውን ይዘው መጡ። አሳተምኳቸው። የልጅዎ ሥራ ይኸውና ብዬ በመስታወቱ አሳየኋቸው። ሕይወት አለው ወይ አሉኝ። አለው እንጂ፣ እንደ እኔና እንደ እርስዎ አልኳቸው። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ ጄነሬተር ላስነሳ ወጣሁ። ስመለስ የሉም። እንግዳ ብቻውን መተው ክልክል ነው፤ ለዚህ ነው የዋሸሁት።»

«ቆዳው ያለበት ሳህን ክዳን ላይ ምን ተጽፎ ነበር?»

ነገሪ ወደ ፍሬሕይወት አየ። «ዳኜ ይላል። ማንበብ አይችሉም ብዬ...»

«ትችላለች» አለች ፍሬሕይወት ከጥጓ ወጥታ። «መሠረተ ትምህርት ተምራለች።»

«ዳኜ ማነው?»

«ወንድሜ። ጥናቱን ስጀምር ከክንዱ ላይ ትንሽ ቆዳ ሰጠኝ፤ እየሳቀ። ከዚያ ግድቡ ወዳለበት ወደ ጉባ ለአናጢነት ሄደ። ባለፈው ክረምት ወንዝ ሊሻገር ገብቶ አልወጣም። ሬሳውም አልተገኘም። ሳህኑ ላይ ቁጥር ነበር የሚጻፈው፤ ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እማዬ አታውቅም ነበር።»

ሳጅኑ ስሙን የሆነ ቦታ ሰምቶታል። የት እንደሆነ ግን አልመጣለትም።

በፒካፕ የባምባሲን መንገድ ያዙ። ወይዘሮ ብዙወርቅ የሚኖሩት በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰዎች በሰፈሩበት መንደር ነው። ፍሬሕይወት ሙቅ ውሃ የያዘ ሣጥን ታቅፋ ሰዓቷን ታያለች።

«እስከ ስድስት ሰዓት ከደረስንበት ይተርፋል» ትላለች። «ይተርፋል፣ አይደል?»

ሳጅኑ ነዳጅ ረገጠ።

ሴትዮዋን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ዋርካው ሥር አገኟቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አጠገባቸው መኮትኮቻ፣ ፊታቸው ሁለት እፍኝ የማይሞላ ትኩስ አፈር።

«እናቴ፣ ቆዳውን...»

«ቆዳ አይደለም። ልጄ ነው።» ቀና ብለው አዩት። «እርስዎ ነዎት እንዴ፣ ጌታው? ጣቢያው በር ላይ ሦስት ቀን ስንከራተት፣ ሬሳ ካልተገኘ መዝገቡ አይዘጋም አላሉኝም? ይኸው ተገኘልዎ። ይዝጉልኝ።»

አሁን አስታወሳቸው። ያን ጊዜ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም፤ እየጻፈ ነበር የመለሰላቸው። አፈረ።

«እማ፣ ስጪኝ» አለች ፍሬሕይወት። «ዛሬን ብቻ። ማታ እመልስልሻለሁ።»

«ምን አድርገሽ ነው የምትመልሽልኝ?»

ልጅቱ ሣጥኑን አጥብቃ ያዘች። ፈታኙ ካየው በኋላ ቆዳው መድኃኒት ውስጥ ተነክሮ፣ ተቆራርጦ ነው የሚመረመረው።

«ጥር ላይ ጨርሰሽ ነበር አሉ» አላት ሳጅኑ ቀስ ብሎ። «ለምን ቆየሽ?»

«ከጨረስኩ ይሞታላ!» ጮኸች። «በየማለዳው ገብቼ፣ ዳኜ እንዴት አደርክ እለው ነበር። ቆዳ እንደሆነ መች ጠፋኝ!»

«እኔስ?» አሉ እናት። «አንቺ እንዴት አደርክ ስትይው፣ እኔ ወላጁ ዓሣ በልቶት ይሆን፣ አዞ በልቶት ይሆን እያልኩ አድራለሁ። ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ትወስጅብኛለሽ ብዬ ነው።»

እናትና ልጅ ተያዩ።

ሳጅኑ መኮትኮቻውን አነሳ። ቆዳው የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ሕጉ ቆፍረህ አውጣ ይላል። አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

«አንቺ በይ፣ ፍሬሕይወት። ላውጣው?»

ልጅቱ ሰዓቷን አየች። አፈሩን አየች። ከዚያ የሣጥኑን ክዳን ከፍታ ሙቁን ውሃ ሣሩ ላይ ደፋችው።

«እማ፣ ስትቀብሪው ሙቅ ነበር?»

ወይዘሮ ብዙወርቅ ሰማያዊ አውራ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«በጡቴ መሀል ይዤው ነው የመጣሁ፣ ልጄ። አንዴም አልበረደውም።»

ፍሬሕይወት አፈሩ ላይ ተደፍታ «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። ካለፈው ክረምት ወዲህ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው።

ሳጅን ኦልጅራ መኮትኮቻውን አስቀመጠ። ኮፍያውን አውልቆ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። ያኔ ሳይደርስ የቀረውን ለቅሶ ነው ዛሬ የደረሰው።