በሶፋ ሠሪው አፍ ውስጥ የተገኙት ምስማሮች

ከፊቱ የሚሰወር ነገር የሌለ፣ ዘመንንም በእጁ የያዘ እግዚአብሔር የሰውን ሥራ ሁሉ ከመሠራቱ በፊት ያውቀዋል። እኛ ግን ዘግይተን እናውቃለን፤ ብዙ ጊዜም የምናውቀው ከጮኽን በኋላ ነው። ስለዚህ የምጽፈውን በእርሱ ዕውቀት ሥር አኑሬ እጀምራለሁ።

ሶፋ ሠሪው የተገኘው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው።

በሥራ ቤቱ ውስጥ፣ ሥሩ ወደ ላይ በተገለበጠ አንድ ትልቅ ወንበር ላይ ተደፍቶ ነበር። ጆሮ ግንዱ ተመትቷል። የገዛ መዶሻው ከእግሩ አጠገብ ወድቋል። ከጎኑም አንድ በርጩማ ተስቦ፣ ሰው ተቀምጦበት እንደ ነበር ሁሉ ወደ እርሱ ፊቱን አዙሯል።

ሐኪሙ አስከሬኑን ቀና ሲያደርገው ከአፉ ምስማር ረገፈ። ትንንሽ፣ ጥቁር የሶፋ ምስማር።

በር ላይ ተጠጋግቶ ከቆመው ሕዝብ አንዱ ይህን አየ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን ያቆመው የለም።

ወንበሩ የሚኒስትሩ ነበረና።

ሰሞኑን በከተማው ሌላ ነገር አይወራም። ሚኒስትሩ የግል መኖሪያ ቤታቸውን በመሥሪያ ቤቱ ወጪ ማስጌጣቸውን ጋዜጣ አውጥቶታል። ሶፋው፣ መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ የውሻቸው ፍራሽ ሳይቀር በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ነው። ከሁሉም ይልቅ ሕዝቡን ያንገበገበው የውሻው ፍራሽ ነው። በሆስፒታሉ ኮሪደር ሕሙማን በባዶ ወለል ላይ ተኝተው ሳለ ውሻ በሕዝብ ግብር ይንፈላሰሳል። በአውቶቡስ ወረፋ ላይ ሰው እየሳቀ ይቀልድ ነበር፤ ሳቁ ግን ጥርስ የነከሰ ሳቅ ነው።

«ውሻውን ሚኒስትር አድርጉልንና ሰውየው ወደ ፍራሹ ይሂድ!»

«ኧረ ውሻውስ ምን በደለ? እሱ አልፈረመም።»

በወጪው ሰነድ ላይ የሰፈረው የሶፋ ሠሪው ሱቅ ስም ስለ ነበር የቁጣው ፍንጣሪ እርሱንም አገኘው። በሱቁ መዝጊያ ላይ «ሌባ» ብለው ጻፉበት። እርሱም ጉዳዩን ለሚያጣራው ኮሚቴ ቀርቤ የማውቀውን እናገራለሁ ብሎ ቃል ሰጠ። ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው ሞተ።

«አፉን በምስማር ዘጉት!» አለ ሕዝቡ።

በማግስቱ ጠዋት የፖሊስ ጣቢያው አጥር በሰው ተከበበ። በፊት መስመር ላይ ቆሞ ድምፁ እስኪዘጋ የሚጮኸው የሟቹ አማች፣ የሚስቱ ወንድም ነበር። ሱቁ ውስጥ ዕቃ የሚያደርሰው፣ ከደንበኛም ሒሳብ የሚቀበለው እርሱ ነው። ጎረምሶች በየመካከሉ በትከሻቸው ያነሡታል።

«ሹፌሩን ስጡን!»

በውስጥ፣ በምርመራ ክፍሉ፣ የሚኒስትሩ ሹፌር እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ቀብሮ ተቀምጧል። ትናንት መኪናውን ሱቁ ደጃፍ አቁሞ ሲገባ፣ ከዚያም እጅጌው በደም ተነክሮ ሲሮጥ ያዩት ብዙ ናቸው። መርማሪዋ፣ ዕድሜዋ ከአርባ ያለፈ፣ ቃል የማታባክን ሴት፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ለምን ሄድክ?»

«ወንበሩን አምጣ ተባልኩ።»

«ማን አለህ?»

«ሚኒስትሩ። ለጥገና ሰጥተውት ነበር። ኮሚቴው ሳያየው ቶሎ አውጣው አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«በሩ ገርበብ ብሏል። ‹ጋሼ› ብዬ ጠራሁ። ዝም አለኝ። እንቅልፍ የጣለው መስሎኝ ትከሻውን ነካሁት።» እጅጌውን አየና ዐይኑን መለሰ። «ከዚያ እግሬ አውጪኝ አልኩ።»

«ለምን ለእኛ አልነገርክም?»

«እትዬ፣ በዚህ ሰሞን የሚኒስትሩን ሹፌር ማን ያምናል? ባለ ሱቁ እንኳ ዳቦ የለም ብሎኝ፣ ዳቦው ከጀርባው ተደርድሮ ይታየኛል።»

ድንጋይ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አረፈ። ሹፌሩ አንገቱን ሰበረ።

«በጌታዬ ላይ የሚጮኹት እውነታቸውን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ግን ልጆች አሉኝ። ከዚህ በር ብወጣ በሕይወት አልደርስላቸውም።»

የጣቢያው አዛዥ መርማሪዋን በኮሪደሩ ያዛት። ላቡ አንገትጌውን አርሶታል።

«ሚኒስትሩ ደውለው ነበር። ሹፌሩ ግልፍተኛ ነው አሉ።»

«እንዴት ያለ ደግ አሳዳሪ ነው!»

«አትቀልጂ! አጥሩ እየተነቃነቀ ነው። ክሱን ጻፊውና በጓሮ በር ወደ ወህኒ ልላከው።»

«በጓሮውም ሰው አለ፣ ጌታዬ። መኪና ውስጥ ሳይገባ ይበሉታል።»

«እንግዲህ ምን ላድርግ? ሕዝቡ ደም ጠምቶታል።»

«ሕዝቡ የጠየቀው ፍርድ ነው። ደም የሚሰጡት እርስዎ እንዳይሆኑ። እስከ ቀትር ድረስ ይታገሡኝ።»

አዛዡ ሰዓቱን አየና ወደ ቢሮው ገባ። እርስዋም ፈቃድ አድርጋ ቈጠረችው።

ሐኪሙ ያገኘውን በስልክ ነገራት። «በግድ የተከተተበት ነገር የለም። ከንፈሩ አልተላጠ፣ ድዱ አልደማ፣ ጥርሱ አልተነቃነቀ። ምስማሩን በአፉ የያዘው ራሱ ነው። የመታውም ሰው ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። ሟቹም አጠገቡ መኖሩን ያውቅ ነበር።»

እነሆ፣ ከተማውን ሁሉ ያስነሣው ምልክት ምልክት አልነበረም። ይሁን እንጂ ይህን ለሕዝቡ ብትነግር «ሐኪሙም ተገዝቷል» ከማለት በቀር ምን ይላሉ? መርማሪዋ በአጥሩ ሥንጥቅ ሾልካ ወደ ሟቹ ቤት ገሠገሠች።

ሚስቲቱ በስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አታለቅስም። ዕንባዋ አልቆ ሳይሆን ገና ያልጀመረላት ትመስላለች።

«እናቴ፣ አዝናለሁ። ስለ ምስማሩ ልጠይቅዎት ነው።»

«ምስማሩ ምን ሆነ ደግሞ! ሶፋ ሠሪ ታዲያ ምስማሩን የት ይያዘው? ባንድ እጁ ጨርቁን ይወጥራል፣ ባንድ እጁ መዶሻ አለ። ትውጠዋለህ እያልኩ ስንት ጊዜ ተጣላሁት። አንቺ ብቻ ምሳዬን አትዋጪብኝ ይለኛል።»

«እንግዳ ሲመጣስ?»

«ትፍ አድርጎ በመዳፉ ይቀበለዋል። ከዚያ ይነሣል፣ ሰላም ይላል። ለማኝም ቢሆን። አፌን ብረት ሞልቼ የሰው ፊት አላይም ይላል።» በከንፈሯ ጫፍ ፈገግታ መጣ። «ለእኛ ነው እንጂ ክብር የሌለው። ስናናግረው ‹እምም›። ስንቆጣ ‹እምም›። ምስማሩን አይተፋልን፣ ቀና አይልልን።»

መርማሪዋ ወደ እርስዋ ጠጋ አለች።

«እኛ ሲሉ፣ እናቴ፣ እነማን ናችሁ?»

«እኔና…»

ፈገግታው በፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ፤ ከዚያ ወደቀ። ልጅ አልወለዱም። በሱቁም ሌላ ሠራተኛ የለም። ሁለቱም ሴቶች ከአስከሬኑ ጎን ተስቦ የተገኘውን በርጩማ በአንድ ጊዜ አሰቡት።

«ትናንት መቼ ነው ያዩት?» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ለምሳ። ከወንበሩ ሥር የሚመታውን ጥቁር ጨርቅ እዚህ ስዘመዝም አርፍጄ ወሰድኩለት። ገና ሊመታው ሲል ትቼው መጣሁ።» እጅዋ የስፌት መኪናውን መዘውር ጨበጠ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ወንድሜን። በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩት።»

መርማሪዋ የሴትዮዋን ትከሻ ነክታ ወጣች። ለእንዲህ ያለው ኀዘን የሚነገር ቃል ያላት ሰው አልነበረችም።

አማቹ ተጠርቶ ሲገባ የቤተ ሰቡ እንደራሴ ነህ ተባለ። ደስ አለው። ጉሮሮው ሻክሯል፤ ትከሻው ግን ተነፍቷል። በውጭ ስሙን እየጠሩ ያበረታቱታል።

«ትናንት አይተኸው ነበር?»

«ጠዋት። ሱቁ እንደ ተከፈተ። ከዚያ ገበያ ወጣሁ፣ አልተመለስኩም። የፈለግሽውን ሰው ጠይቂ።»

«ምን አልከው?»

«ነገ ኮሚቴው ዘንድ አትሂድ አልኩት። ያጠፉሃል አልኩት። ይኸው አጠፉት!»

«እሱስ?»

«ምን ይላል እሱ!» የምሬት ሳቅ ሳቀ። «‹እምም።› ዕቃውን የተሸከምኩለት እኔ፣ ደንበኛውን ያመጣሁለት እኔ፣ አጠገቡ ተቀምጬ እየለመንኩት ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እሱ እቴ ጥቁር ጨርቁን ምስማር በምስማር ይቀጠቅጣል!»

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«የቱን ጥቁር ጨርቅ?»

«የወንበሩን ሥር የሚሸፍነውን ነዋ።»

«እሱን ጠዋት እህትህ ቤት ሆና ትዘመዝመው ነበር። እጁ የገባው በምሳ ሰዓት ነው።»

አማቹ ወደ በሩ ዞረ። የራሱ ጩኸት ከውጭ ተመልሶ መጣ፤ ሕዝቡ ያስተማረውን ይደግም ነበር፤ «ሹፌሩን ስጡን! ሹፌሩን ስጡን!»

«እነሱን ማን የሚያስቆማቸው መሰለሽ?» አለ በመጨረሻ። «እኔ ራሴ ወጥቼ ብነግራቸው አያምኑኝም።»

«ለእኔ ንገረኝ።»

ነገራት። ሶፋ ሠሪው የድካሙን ዋጋ ብቻ ነበር የሚቀበለው። አማቹ በሱቁ ስም ዋጋውን አብዝቶ ያቀርባል፤ ሚኒስትሩ ያጸድቃሉ፤ ትርፉን ይካፈላሉ። ሶፋ ሠሪው ይህን ሁሉ እንደ ሌላው ሰው ከጋዜጣ ነው ያነበበው።

«የውሻውን ፍራሽ እንኳ በነጻ ነው የሠራው» አለ አማቹ ወለሉን እያየ። «በቁርጥራጭ ጨርቅ። ለእንስሳ ዋጋ አልቀበልም አለ። ዋጋ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሚኒስትሩም እያወቁ፣ እየሳቁ ፈረሙ። ዛሬ ኮሚቴው ፊት ይህን ሊናገር ነበር። እኔ ወህኒ ልወርድ ነበር። ስለምነው ‹እምም› አለኝ። መዶሻውን ለአፍታ አስቀምጦ ጨርቁን ሲወጥር…»

እጁ፣ መዶሻ እንደሚያነሣ፣ ከፍ አለና ወደቀ። ቃሉን መጨረስ አላስፈለገውም።

አዛዡ በድምፅ ማጉያ ወጥቶ ገዳዩ መያዙን፣ ማንነቱንም ተናገረ። የተመለሰለት የድንጋይ ናዳ ነው።

«ተሽጣችኋል!»

«የሟቹን ዘመድ አሰሩት! እነሱ ናቸው የገደሉት!»

የበሩ አንደኛው ማጠፊያ ተነቀለ። በድሮ ዘመንም እንዲሁ በአደባባይ ተሰብስቦ፣ ማን እንዲፈታ፣ ማንስ እንዲሰቀል በጩኸት የመረጠ ሕዝብ ነበር፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ በየቤታቸው ደጋግ ሰዎች እንደ ነበሩ አልጠራጠርም።

በዚያን ጊዜ ከሕዝቡ በስተኋላ ጩኸቱ መርገብ ጀመረ። የሟቹ ሚስት መጥታለች። መንገድ ለቀቁላት። ጎረምሶቹ ሊደግፏት እጃቸውን ዘረጉ፤ አልተቀበለቻቸውም። ከተነቀለው በር ፊት ቆመች።

«ባሌን የገደለው ወንድሜ ነው» አለች።

«አስፈራርተዋት ነው!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«ማን ያስፈራራኛል? ከእንግዲህ ምን ቀርቶኝ?» ድምፅዋ አልጮኸም፤ ስለዚህም ሊሰሟት ዝም አሉ። «አፉን ማንም አልዘጋውም። ሥራ ላይ ነበር። ምስማሩን ያልተፋው ወንድሜ ስለ ሆነበት ነው። እንግዳ ቢሆን ተነሥቶ ሰላም ባለው ነበር። እናንተንም፣ ‹ሌባ› ብላችሁ የጻፋችሁበትን፣ ብትገቡለት ተነሥቶ ሰላም ይላችሁ ነበር።»

አንድ ሰው የያዘውን ድንጋይ በኪሱ ከተተ፤ የት እንደሚጥለው ጨንቆት።

«ሚኒስትሩስ? ሊያመልጥ ነው?» አለች አንዲት አሮጊት ከመካከል።

«አያመልጥም። ባሌ ሊናገር የነበረውን ከመሞቱ በፊት በነበረው ማታ ሁሉንም ነግሮኛል። ኮሚቴው ፊት እኔ እቀርባለሁ። ልትጮኹ የምትፈልጉ እዚያ ኑ። እዚያ ጩኹ፤ ይገባችኋል።»

«ታዲያ ወንድምሽን ስጪን!» አለ አንድ ጎረምሳ፣ አማቹን በትከሻው ተሸክሞት የነበረው።

ሴትዮዋ ወደ እርሱ ዞረች።

«ለሕግ ነው የሰጠሁት፣ ልጄ። ለአንተ አልሰጥህም።»

ከዚያም ወደ ግቢው ገባች። ስትወጣ ሹፌሩን በክንዱ ይዛው ነበር። አቀርቅሮ ይራመዳል። እርስዋ ወንድሟን ለቅጣት አሳልፋ በሰጠችበት ሰዓት የባዕዱን ሰው ክንድ እንደ ልጅዋ ክንድ አጥብቃ ይዛ፣ በሕዝቡ መካከል፣ ሳትቸኩል፣ ወደ ልጆቹ ቤት መራችው። ሕዝቡም ለሁለት ተከፈለ። እጁን ያነሣባቸው አንድም አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፤ የበደለህን በደሉን ከመጠየቅ ልብህ አይድከም። ቁጣህም ከእውነት አይቅደም። ሥራህ በጎ፣ ደጅህ ሰላም ይሁን፤ በማዕድህ ዙሪያ የሚቀመጡት የሚተማመኑ ይሁኑ፤ ወንድም በወንድሙ ላይ እጁን የማያነሣበት ቤት እግዚአብሔር ይስጥህ። አሜን።