ቀይ ፕላስተር የተለጠፈባት ብልቃጥ

ድምቡሼ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትክክለኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ጉንጯን ያየ ሁሉ ድምቡሼ ይላታል፤ እሷም አትቀየምም። የምትኖረው ከእናቷና ከአያቷ ጋር፣ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለችው ቤት ነው። ፎቶ አንሺው አያቷ ናቸው።

ልጆች፣ ዛሬ ፎቶ ማለት ስልክ ማውጣት ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ካሜራ ፊልም ካልጎረሰ አይሠራም። ፊልሙ የሚመጣው ደግሞ አውራ ጣት በምታክል፣ ግራጫ ክዳን ባላት ጥቁር የፕላስቲክ ብልቃጥ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ብልቃጧን ማን ይጥላታል? በእነ ድምቡሼ ቤት አንዷም ተጥላ አታውቅም። በአንዷ ጨው አለ። በአንዷ መርፌና ቁልፍ፣ በአንዷ የአያቷ የደም ግፊት ኪኒን፣ በሌላዋ የቲማቲም ዘር። የድምቡሼ የወለቀ ጥርስ እንኳ የራሱ ብልቃጥ አለው! እናቷ "እኛ እኮ የምንኖረው ብልቃጦቹ ቤት ነው" እያለች ትስቃለች። ድምቡሼ ክዳኑ ሲከፈት "ጧ!" የሚለውን ድምፅ ትወዳለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

በቤቱ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበር። ክዳኗ ላይ ቀይ ፕላስተር የተለጠፈባት ብልቃጥ አትነካም።

"እሷ ውስጥ ገና ያልታጠበ ፊልም አለ" ይላሉ አያቷ። "ሰዎቹ ውስጡ ተኝተዋል። ጨለማ ክፍል ገብቼ፣ በመድኃኒት አጥቤ እስክቀሰቅሳቸው ድረስ ብርሃን ካገኛቸው ይጠፋሉ።"

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ አንድ ፊልም በመዳፏ ይዛ መጣች።

"ጋሼ፣ የባለቤቴን አሮጌ ኮት ስፈታ ኪሱ ውስጥ አገኘሁት። ከማረፉ በፊት ወንዝ ዳር ወጥተን የተነሳነው ነው። ሲስቅ የተነሳበት ሌላ ፎቶ የለኝም።"

"ሰኞ ነይ ልጄ፣ አጥቤ አቆይሻለሁ" አሏት። ፊልሙን ብልቃጥ ውስጥ ከተው ቀይ ፕላስተር ለጠፉባትና መደርደሪያው ላይ አስቀመጧት።

ድምቡሼ ይህን ሁሉ ሰምታለች። ሰውየው ሲስቅ ምን ይመስል ይሆን? ከምሳ በኋላ አያቷ ጋደም አሉ። እናቷ ገበያ ነበረች። ድምቡሼ በርጩማ ላይ ወጣች።

"አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጨረፍታ" አለች ለራሷ።

አይ "አንድ ጊዜ ብቻ"! ስንቱን ጉድ አሳይታናለች፣ ልጆች!

ፕላስተሩን ላጠች። ጧ! ወጣ ያለውን የፊልሙን ጫፍ ይዛ ሳብ አደረገችው። ማንም የለም። "ወደ ውስጥ ይሆናሉ" ብላ አሁንም ሳበችው። አሁንም ማንም የለም። ሰዎቹን ስትፈልግ ፊልሙ እስከ መጨረሻው ተተርትሮ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ያየችው የሚያብለጨልጭ ቡናማ ነገር ብቻ ነው። ያን ጊዜ የአያቷ ቃል ትዝ አላትና ክው አለች። ፊልሙን በጥድፊያ ጠቀለለችው፣ ከተተችው፣ ፕላስተሩንም መልሳ ለጠፈችው።

"ማንም አላየኝም" አለች። ማን እንዳያት እናንተ ታውቃላችሁ።

ሰኞ ጠዋት አያቷ ጨለማ ክፍል ገቡ። ሲወጡ ውሃ የሚያንጠባጥብ ፊልም በእጃቸው ነበር። ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል።

"ምን ሆነ አባባ?" አለች ድምቡሼ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አያቷ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩት። ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ ከመቀመጫቸው ተነሱላት።

"ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ። ወይ በሩን በደንብ አልዘጋሁትም፣ ወይ የማጠቢያውን ክዳን አልገጠምኩትም። በአርባ ዓመት ሥራዬ የሰው ፊልም አበላሽቼ አላውቅም ነበር። እጄ ደከመ።"

"ምንም አይደል ጋሼ" አለች ልብስ ሰፊዋ። ግን ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ወጣች።

አያቷ የጨለማ ክፍሉን ቁልፍ ለእናቷ ሰጧት። "ከዛሬ ጀምሮ የዕቃ ማስቀመጫ አድርጊው። እኔ በቃኝ።"

ድምቡሼ መጀመሪያ "እፎይ፣ ተረፍኩ!" አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእሷ ዝምታ ግን ምሳ ሳይደርስ ነቀዘ። አያቷ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን እያገላበጡ ያያሉ። ደግመው ደጋግመው ያያሉ።

ምሳ ቀረበ። የምግብ ጸሎት የድምቡሼ ተራ ነበር።

"አምላካችን ሆይ፣ ስለ ምግቡ እናመሰግንሃለን። እማዬን ጠብቃት። የአባባንም እጅ..."

ሁልጊዜ "ባርክ" ነበር የምትለው። ዛሬ ግን እዚያ ላይ አቋረጠች።

"የአባባ እጅ ምንም አልሆነም!" ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። "እኔ ነኝ! ቅዳሜ ከፍቼው ነበር!"

"አንቺ ልጅ!" እናቷ ብድግ አለች። አያቷ ግን እንድትቀመጥ በእጃቸው ምልክት ሰጧት።

"እስከ መጨረሻው ጎተትሽው?"

"አዎ። ሰዎቹን ፈልጌ ነው።"

አያቷ ሊቆጡ አስበው ነበር፤ ግን ሳቅም እንባም አብረው መጡባቸው።

"ጥፋትሽ ትልቅ ነው፣ እናቴ። ባትነግሪኝ ኖሮ ግን እስክሞት በገዛ እጄ ሳላምን እኖር ነበር።"

"ፊልሙ አይመለስም?"

"አይመለስም። ሄደሽ ለእሷም በራስሽ አፍ ንገሪያት።"

ከዚያ ቤት እስከ ጎረቤት ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ለድምቡሼ ግን አላልቅ አላት። ደጃፉ ላይ ስትደርስ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

"እትዬ፣ ፎቶዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አባባ አይደሉም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች።

"አልዋሽሽም፣ በጣም አዝኛለሁ" አለች። "ቅድም ግን ጋሼ አንገታቸውን ሲደፉ ሳይ የባሰ አዝኜ ነበር። ይቅር ብዬሻለሁ። ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ። ሲስቅ እንዴት እንደነበር ልንገርሽ፤ አንድ ሰው እንኳ ይወቅልኝ።"

ድምቡሼ ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰማች። ስትመለስ የጨለማ ክፍሉ በር ተከፍቶ፣ አያቷ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዕቃቸውን ያጥቡ ነበር።

ልጆቼ፣ ጥፋታችሁን ቶሎ ተናገሩ፤ የደበቃችሁት ጥፋት የሚያርፈው ምንም ባላጠፋ ሰው ጫንቃ ላይ ነውና።