የሐሙስ ጾም

ሴካር እጆቿን ወደ ላይ እንደዘረጋች ተንገዳገደችና የባድሚንተን ሜዳው ሲሚንቶ ላይ ቁጢጥ አለች። ፊት ቆማ ስፖርቱን የምታሠራው ዌኒንግ ስፒከሩን አጠፋች። የሰፈሩ ሴቶች እጃቸውን እንደሰቀሉ ተያዩ።

«ምንም አልሆነችም፣ ጾመኛ ሆና ነው» አሉ የሴካር እናት ወይዘሮ ያቲ፣ በሰፈሩ አጠራር ቡ ያቲ፣ የልጃቸውን ግንባር እየጠረጉ። «ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች። ካንቺ አይታ እኮ ነው፣ ዌኒንግ። አላህ ይስጥሽ።»

«ማሻአላህ» አለች አንዷ ከኋላ። «የእኔዋ የምትጾመው ከሥራ ብቻ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ዌኒንግ ግን አልሳቀችም። እናቷ ቡ ላስትሪ ከሁለተኛው ረድፍ ዓይኗን ተክላባት ነበር። «እንዳትናገሪ» የሚል ዓይን ነው።

ባለፈው ዓመት ሰኞና ሐሙስ የምትጾመው ዌኒንግ ነበረች። የጀመረችው አክስቶቿ በአንድ ሠርግ ላይ ተራ በተራ ጉንጯን ቆንጥጠው «አንቺ፣ ወፈርሽ እኮ» ካሏት በኋላ ነው። ጾመኛ ነኝ ያለችን ልጅ ለምን አልበላሽም የሚላት የለም። ሲመሽ ቤት ውስጥ «መስጊድ አፍጥሬያለሁ» ትላለች፤ መስጊድ ደግሞ «ቤት ይጠብቁኛል» ትላለች። እናቷ ኮርታ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ቀናት እንደ ሐሙስ ሆኑ። በመጨረሻ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ባንዲራ ሲሰቀል፣ ሰልፉ መሃል ወደቀች።

እውነቱን ያወቁት እናቷና የጤና ጣቢያዋ ነርስ ብቻ ናቸው። ሰፈሩ የሰማው «ጾም አብዝታ ታመመች» የሚለውን ነው። ቡ ላስትሪም አላስተባበለችም። «በጾም ቀለደች ይሉሻል። ስም አንዴ ከጠፋ ማን ይመልሰዋል?» ትል ነበር። ቡ ላስትሪ ሁልጊዜ የሚታያት የሚመጣው ክፉ ነገር ነው።

ዌኒንግን ወደዚህ ሜዳ የላከቻት ነርሷ ናት። «ለመክሳት አይደለም፣ እንዲርብሽ ነው» አለቻት። እውነትም ራባት። ጉንጯ ተመለሰ፣ ጭኗም ተመለሰ። አሰልጣኟ ቡ ኤንዳ እርግዝናዋ ሲገፋ ደግሞ ፊት ቆማ የምታሠራው ዌኒንግ ሆነች። መጀመሪያ ሰሞን ሰፊ ሸሚዝ ካልለበሰች አትወጣም ነበር፤ አሁን ግን የትኛውን ሸሚዝ እንደለበሰች እንኳ አታስታውስም።

ዌኒንግ ሴካር አጠገብ ተንበርክካ እጇን ያዘች። በዚያ ሙቀት እጇ ቀዝቃዛ ነው።

«ሌሊት ሱሁር ላይ ምን በላሽ?»

«ሩዝ።»

«ከምን ጋር?»

ሴካር ሲሚንቶውን አየች። «ምባክ፣ በናትሽ ተይኝ» አለች፣ እንደ ታላቅ እህቷ እየጠራቻት።

«እኔ የት አፈጠርሽ ሲሉኝ መስጊድ እል ነበር» አለች ዌኒንግ በቀስታ።

ሴካር ድንገት ቀና አለች። ዌኒንግ ያንን ዓይን ታውቀዋለች፤ ባለፈው ዓመት የራሷ ነበር።

«ዌኒንግ፣ ውሃ ስጫትና ወደ ቤት እንሂድ» አለች ቡ ላስትሪ።

ለሴካር በጆሮዋ ብቻ ብነግራት፣ አለች ዌኒንግ በልቧ፣ እናቷ ኮርተውባት ይወስዷታል። ሰኞም ትደግመዋለች። ዌኒንግ ስለ ሴካር የመናገር መብት የላትም። የራሷን ግን መናገር ትችላለች።

«ቡ ያቲ» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «እኔ የጾምኩት ለአላህ አልነበረም። ለመክሳት ነው። የወደቅኩትም ስላልበላሁ ነው።»

ቡ ላስትሪ ዓይኗን ጨፈነች። ሴቶቹ ወደ እሷ ዞሩ።

«እኔ» አሉ በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጡት ቡ ሱማርኒ፣ «ለሠርጌ ቀሚስ ስል ወሩን ሙሉ በሻይ ኖሬያለሁ። ሙሽራው ፊት ዘፍ አልኩላችሁ። ሰው ግን በፍቅር ነው አለ።»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ቡ ያቲ ብቻ አልሳቁም። ልጃቸውን እያዩ «አንቺም?» አሉ።

ሴካር በአዎንታ ራሷን ነቀነቀችና ማልቀስ ጀመረች። ቡ ያቲ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠው አቀፏት።

«እኔ እኮ ስኮራ ነበር» አሉ።

«እኔም» አለች ቡ ላስትሪ። መቼ መጥታ አጠገባቸው እንደቆመች ማንም አላየም።

ቡ ሱማርኒ «የደከመ ሰው ጾሙን ይፍታ» ብለው ከቦርሳቸው ሙዝ አወጡ። ሴካር የሙዙን ጫፍ ነክሳ መብላቷን አቆመች።

«ቀስ በይ» አለቻት ዌኒንግ። «ሆድሽ መጀመሪያ ይፈራል። የእኔም ፈርቶ ነበር። አሁን ሁለቴ ከጎረስሽ ይበቃል፤ ትንሽ ቆይተን እንጨምራለን። ነገ ደግሞ ከእናትሽ ጋር ነርሷ ጋ እንሄዳለን፣ እሺ?»

ሴካር ጎረሰች። ዌኒንግ አላቻኮለቻትም፣ አፏንም አላየችባትም። ብቻ ከጎኗ ተቀመጠች።

አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ቡ ኤንዳ ሆዷን ደግፋ ታያቸው ነበር። ሴቶቹ መበተን ሲጀምሩ ዌኒንግ የስፒከሩን ገመድ እየጠቀለለች ወደ እሷ ሄደች።

«ቡ ኤንዳ፣ ይሄን የእርስዎን የአሰልጣኝነት ሥራ ሰው የት ነው የሚማረው?»

«ወገብ የሚያሳምም ሥራ ነው» አለች እናቷ ከኋላ። «በዚያ ላይ በዝናብ፣ በመንገድ...» አቆመች። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ የደረሰችውን ሴካርን አየች። «እሺ፣ ንገሪያት። እኔም ልስማው።»