አማቹ እምቢ ያለው ወንበር

መምህሩ ተማሪዎቹን ሊያስጎበኝ ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን፣ ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ወደሚያመርት የኮስቲክ ሶዳ ፋብሪካ ይዟቸው የመጣ ዕለት፣ ቱታ የለበሰች ሴት በሩ ላይ መንገድ ዘጋችበት።

«ያለ መከላከያ መነጽር አይገቡም።»

«ለልጆቹ በሙሉ አድያለሁ እኮ።»

«ለራስዎስ?»

መምህሩ ፊቱን ዳበሰ። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። እሷ ትርፍ መነጽር ከኪሷ አውጥታ ስትሰጠው ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ እሱ መነጽሩን ገልብጦ አጠለቀው።

የባለቤቱ ልጅና የምርት ክፍሉ ኃላፊ መሆኗን የሰማው ኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ልቡ አንዴ ሄዷል።

አያቷ በጓሮ በርሜል የጀመሩትን ሥራ አባቷ ትልቅ ፋብሪካ አድርሰውታል። እሷ ምህንድስና ተምራ ከገባች ወዲህ ደግሞ አንድም ሠራተኛ በሶዳ ተቃጥሎ አያውቅም። ይህን ስታወራ ድምፅዋ ይሞቃል። መምህሩ ያን ድምፅ ለመስማት ሲል ብቻ ስለ ቧንቧ ይጠይቃታል። ስለ ቧንቧ ሲያወሩ ዓመቱ አለቀ።

ችግሩ አባትየው ነበሩ። ወንድ ልጅ ስለሌላቸው የሥራ አስኪያጅነት ወንበራቸውን ለአማቻቸው ሊያወርሱ ቆርጠዋል። መምህሩ ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ሳሎን ውስጥ ከአያትየው ፎቶ ሥር አስቀመጡት። አሮጊት እናታቸውም ጥጉ ላይ ተቀምጠዋል።

«ልጄ ወዳሃለች፤ እኔም አልጠላሁህም» አሉት። «ጠመኔህን ጣልና ፋብሪካውን ተረከብ። ከዚያ ሠርጋችሁን እደግሳለሁ።»

እሷ በሩ ጋ ቆማ ታዳምጣለች። እሺ እንዳይል ፈራች፤ እምቢ እንዳይልም ፈራች።

«ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ለልጅዎ ነው። ወንበሩ የሷ ነው። እሱን ቀምቻት በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«እንግዲያው ልጄንም እርሳት!»

መምህሩ እጅ ነሥቶ ወጣ። አጠገቧ ሲያልፍ አላቀረቀረም። ልታለቅስ ነበር፤ በሱ መኩራቷ ቀደማት።

«አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን አማች ስትፈልግ፣ አንድ ቀን እኔን ‹ትመሪዋለሽ ወይ› ብለኸኝ ታውቃለህ?»

አባትየው ወደ ፎቶው ቀና አሉ። «ይሄ ሥራ እኮ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ...»

«ኧረ ተው!» አሉ ከጥጉ አሮጊቷ እናታቸው። «አባትህ ፎቶውን ተነሣ እንጂ በርሜሉን ያማሰልኩት እኔ ነኝ። ያውም አንተን አርግዤ!» እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያለውን ሰፊ ጠባሳ አሳዩ።

«የምድጃ እሳት ይመስለኝ ነበር...»

«መች ጠየቅኸኝ?»

አባትየው የእናታቸውን ክንድ ያዝ አድርገው ጠባሳውን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ድምፃቸው ሥራ ሊቀጠር እንደመጣ ሰው አንሶ ነበር።

«ትመሪዋለሽ?»

«እመራዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ያ ግትር ሳይርቅ መልሺው!»

ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ሮጠች። መንገዱ ማዶ ደረሰችበት።

«ወንበሩ የኔ ሆነ» አለችው እያለከለከች።

«እሰይ! እኔስ?»

«አንተማ ድሮም የኔ ነህ።»

በሠርጋቸው ዕለት አንድ የማያውቀው እንግዳ መምህሩን ጠጋ ብሎ፣ «በፋብሪካው ውስጥ ያንተ ሥልጣን ምንድን ነው?» አለው።

መምህሩ ደረቱን ነፋ አድርጎ ክራቫቱን አስተካከለ።

«እኔ? የሥራ አስኪያጇ ባል ነኛ!»